ሰዓት የሚያውቀው ተረከዝ

ስህን ጧት ከአልጋዋ ስትወርድ መጀመሪያ ታማትባለች፤ ቀጥሎ የቁም ሳጥኑን ጫፍ ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች። ቀኝ እግሯ ሲሚንቶውን ሲነካ ተረከዟን ከሥር በወስፌ የወጓት ያህል ይሰማታል። "ወየው እመቤቴ!" ትላለች፣ ልጇ ዝናቡ ከወዲያኛው ክፍል እንዳይሰማት ድምጿን ውጣ። ከዚያ በጣቶቿ ብቻ እየረገጠች፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ በሩ ጋ ትደርሳለች። ከበሩ እስከ ቧንቧው ድረስ ሕመሙ ረገብ ይላል። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ እንደ ማንኛውም ሰው ትራመዳለች። ከአሥር ደቂቃ በፊት ያያት ሰው ያቺው ሴትዮ ናት ቢሉት አያምንም።

ሌላ ሰው ቢሆን ለጎረቤት ይናገር ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ደግሞ በሽታውን ለጎረቤት የተናገረ ሰው መድኃኒት አያጣም፤ አንዱ ወጌሻ ይጠቁመዋል፣ አንዱ ቅባት ይሰጠዋል፣ ሌላው ጠበል ይወስደዋል። ስህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የምታፍርበት በሽታ ነበራ! ይህን ተረከዝ ማን እንደመታውና ለምን እንደመታው ታውቃለች። ቢያንስ የምታውቅ ይመስላታል።

የተወለደችው አምባሰል፣ ከግሸን ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ሐይቅ የወረደችው ዓሣ አስጋሪውን ታመነን አግብታ ነበር። ታመነ ሲሞትባት የቀረላት አንድ ልጅ፣ አንድ አሮጌ ጀልባና ዓሣ አጽድቶ የመጥበስ ሙያ ነው። ጀልባውን ሸጣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠባብ ዓሣ ቤት ከፈተች። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቷ፤ የሚኒባስ ሾፌር ሁሉ እዚያ በር ላይ ፍሬን ይይዛል። ዓሣዋ ትኩስ፣ አዋዜዋ የሚያስለቅስ፣ ሳህኗ የሚያበራ ነው። ምላሷም ስለት ነው፤ ደንበኞቿ ግን ለምደውታል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ምላሷን ለመስማት ይመጣሉ።

ልጇ ዝናቡ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ እህል አልወርድ ብሎት አልጋ ላይ ቀረ። ሐኪሞቹም ተስፋ የሰጧት አልመሰላትም። ያን ጊዜ ስህን ወደ ግሸን አቅጣጫ ዞራ፣ "ልጄን አትርፊልኝ እንጂ ሰባት ዓመት በባዶ እግሬ ጋራሽን እወጣለሁ" ብላ ተሳለች። ልጁ ዳነ። ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ ሁለት ሰው የሚያህል ጎረምሳ ነው።

ስድስቱን ዓመት ቃሏን ጠበቀች። በየዓመቱ መስከረም ሃያ አንድ ዋዜማ አውቶቡሱ ጋራው ሥር ሲያወርዳት ጫማዋን አውልቃ በፌስታል ቋጥራ፣ ጠጠሩንም ጭቃውንም በባዶ እግሯ ረግጣ ወጣች። ሰባተኛው ዓመት ላይ፣ ያለፈው መስከረም ማለት ነው፣ ዝናብ ሌት ተቀን ሲወርድ ሰነበተ። መንገዱ ያዳልጣል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ስለታም ድንጋይ ጣቷን ሲሸርፋት ቆም አለች። ግራና ቀኝ አየች። "እስከዚያች መታጠፊያ ብቻ" ብላ የፕላስቲክ ጫማዋን አጠለቀች። መታጠፊያይቱን አለፈች፤ ጫማውን ግን አላወለቀችም።

ይህም ባልከፋ። የደጀ ሰላሙ በር አጠገብ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ ደበቀች፣ እግሯን ጭቃ ቀባ ቀባ አደረገችና በባዶ እግራቸው ከወጡት ጋር ተቀላቀለች። አንዲት መነኩሲት እግሯን አይተው እንባቸው መጣ። "ተባረኪ ልጄ፣ ይህን ሁሉ መንገድ በባዶ እግርሽ ወጣሽው!" አሏት።

"አሜን" አለች ስህን።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተረከዟን አመማት። ከዚህ በኋላ ማስረጃ ምን ያደርጋል? እመቤታችን ማርያም መታቻት፤ ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ። ሐኪም ቤት መሄድ ደግሞ ከእመቤታችን ጋር መሟገት ሆኖ ታያት። ስለዚህ ራሷ ካሳ ልትከፍል ወሰነች። ጧት ዓሣ ቤቱን ስትከፍት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ምድጃው ኋላ ያለው ባዶ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ እስከ ማታ መቆም ጀመረች። እግዜር ያሳያችሁ! የታመመ ተረከዝን እንደ ርጥብ ቆዳ ሲሚንቶ ላይ ሲደልቁት መዋል! ሕመሙ በጨመረ ቁጥር "እሰይ፣ እየተከፈለልኝ ነው" ትላለች፤ በማግስቱ ይብስባታል፤ "ገና አልከፈልኩም ማለት ነው" ብላ ደግሞ ትቆማለች።

ምድጃው ኋላ መቀመጫ የሚባል ነገር የለም። ድሮ አንድ በርጩማ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ፋሲካ የምትባል ሠራተኛዋ ሳለች፣ ስህን ራሷ አስወገደችው። እሷ ግን ያን ጊዜ ስለ በርጩማውም ሆነ ስለ ፋሲካ አታስብም ነበር። ሐሳቧ ሁሉ ጋራው ላይ ነው።

ሁዳዴ ገባ። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ በሁዳዴ የስህን ቤት መቆሚያ የለውም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዝናቡ ለምሳ ጎራ ሲል እናቱን በርበሬ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ አያት።

"እማ፣ ታነክሻለሽ።"

"ማ? እኔ? ይሄ ጫማ ነው ባክህ፣ ልኬ አይደለም።"

ዝናቡ ጎንበስ ብሎ አየ። "የቱ ጫማ?"

ስህን ባዶ እግሯን አየችና አፏን ያዘች። ልጇን ዋሽታ አታውቅም፤ ይኸው አሁን ደግሞ ውሸት ጨመረች። ጥፋቷ እየተደራረበ መሄዱ ሲሰማት ጭንቅ አላት፤ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ታረቀኝ ሄደች።

መምሬ ታረቀኝ በልጅነታቸው ሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩ፣ ዕድሜያቸው ሰባ የደረሰ፣ ቀልድ የሚወዱ ቄስ ናቸው። ግቢው ውስጥ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰሟት። የዚያን ቀኑን ዝናብም፣ የፕላስቲክ ጫማውንም፣ ጭቃውንም፣ "አሜን" ያለችውንም፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ስትጨርስ እያለቀሰች ነበር።

"የወጣሽው በስንት እግርሽ ነው?" አሏት።

"በሁለቱ ነዋ አባቴ።"

"ጫማውን ያደረግሽውስ?"

"በሁለቱም።"

"ታዲያ እመቤታችን ቀኙን ለይታ ለምን መታችው? ግራው ንጹሕ ነበር?"

መምሬ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። "ስሚ ልጄ። መነኩሲቷን ማታለልሽ ጥፋት ነው፤ ለሱ ስግደት እሰጥሻለሁ፤ ያውም ተረከዝሽ ሲድን። አሁን የምትይዢው ቀኖና ግን ሌላ ነው። ኸዛሬ ጀምሮ ጫማ ታደርጊያለሽ። ነገ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ። ሐኪም ያለሽን ሁሉ ሳታጎድዪ ትፈጽሚያለሽ። እኔም ማኅሌት ቆሜ ሳድር ይኸው ተረከዜ አስለቅሶኝ ያውቃል፤ እመቤቴን ምን በደልኳት? ድንጋይ ላይ ስለቆምኩ ነው!"

ስህን እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ "ሌላ የበደልሽው ሰው የለም?" ሲሉ ጠየቋት። የተለመደ ጥያቄያቸው ነው።

"የለም አባቴ" አለች፣ አፏን ሞልታ።

በማግስቱ ዝናቡ በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ያየቻት ሰሚሃ የምትባል ወጣት ጤና መኮንን ናት፤ የከተማው ሰው ግን ዶክተር ነው የሚላት። ስህንን አልጋ ላይ አስቀምጣ ቀኝ እግሯን ጭኗ ላይ አደረገችው። ስህን እንግዳ ሰው እግሯን ሲይዝላት ሐፍረት ወረራት።

"ሕመሙ የሚብስብዎት መቼ ነው፣ እትዬ?"

"ጧት።"

"ኸመኝታዎ ሲነሱ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች?"

"አዎ።"

"ትንሽ ሲሄዱበት ለቀቅ ያደርግዎታል። ደግሞ ቁጭ ብለው ቆይተው ብድግ ሲሉ ይመለሳል። ቆመው ከዋሉ ማታ ላይ ይጠዘጥዝዎታል። አይደል?"

ስህን ዓይኗ ፈጠጠ። "ማን ነገረሽ ልጄ?"

"ማንም አልነገረኝ" አለች ሰሚሃ ፈገግ ብላ። "ይሄ በሽታ ሰዓት ያውቃል።"

ስህን ፊቷ ድርቅ አለ። ሰሚሃ ግን አላስተዋለችም፤ በአውራ ጣቷ ከተረከዙ ወደ ውስጠኛው ጎን ፈቀቅ ያለውን ቦታ ጫን አደረገችው፤ ስህንም ጮኸች። "ይኸውልዎ፣ ይቺ ናት ቦታዋ። ኸተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶችዎ ሥር የሚዘረጋ ወፍራም ጅማት አለ፤ መላ ገላዎን ተሸክሞ የሚውለው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ሲቆሙበት፣ ጫማውም ስስ ሲሆን፣ ተረከዝ ላይ የተያያዘበት ቦታ ይቆስላል። ሌሊት ሲተኙ ጅማቱ ይሰበሰባል፤ ጧት ድንገት ሲረግጡት ደግሞ በግድ ይለጠጣል። የሚወጋዎት ያን ጊዜ ነው።"

"እኔ እኮ በባዶ እግሬ ስቆም ቆየሁ፤ ይሻለኛል ብዬ።"

"ኧረ በአላህ እትዬ! እያባባሱት እኮ ነው!"

ስህን እየፈራች፣ "ስንፍና አይደለም?" አለች።

"የምን ስንፍና? ይሄ የሚይዘው ቆሞ የሚሠራን ሰው ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ጎበዞቹን ነው።"

ሰሚሃ መድኃኒቱን ስትነግራት ስህን ጆሮዋ እየሰማ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ማርያም አልመታቻትም፤ ይህ ሊያስደስታት ይገባ ነበር፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህልም ደስ አላት። ቀጥሎ የመጣው ግን ጋራው ላይ ካደረገችው ሁሉ የከፋ ሆኖ ተሰማት። ሰሚሃ አሁን የነገረቻትን እያንዳንዷን ቃል ከዚህ በፊት ሰምታታለች። ያውም በገዛ ቤቷ፣ ከፋሲካ አፍ።

ፋሲካ ስድስት ዓመት ምድጃው ኋላ የቆመች ሴት ናት። ዓሣ ስትበልት እጇ አይታይም፤ ሐሜት አታውቅም፣ ቀርታም አታውቅም። በስድስተኛው ዓመት ሁዳዴ ላይ ግን ጧት ጧት ማርፈድ ጀመረች። ስትመጣ ታነክሳለች። ረፋድ ላይ ደህና ትሆናለች። ሥራ ጋብ ሲል በርጩማው ላይ ቁጭ ትላለች፤ ስትነሳ ደግሞ ታቃስታለች። "እትዬ፣ ተረከዜ ነው። ጧት መርገጥ ያቅተኛል፤ ስሄድበት ይለቀኛል፤ ስቀመጥ ይመለሳል" ብላ አንድ ሁለቴ አስረድታለች።

ስህን ሰምታ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ጢም ብሎ፣ ትእዛዝ ተደራርቦ፣ ዞር ስትል ፋሲካ በርጩማው ላይ ናት። ስህን ነደደች። "ጧት ታነክሻለሽ፣ ረፋድ ላይ ትድኛለሽ፣ ሥራ ሲበዛ ደግሞ ያገረሽብሻል! ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው ሰዓት የሚያውቅ?" አለች ጮክ ብላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሚኒባስ ሾፌሩ ማህዲ፣ ደንበኛዋ፣ "ሰዓት የሚያውቀው ተረከዝ!" ብሎ ደገመው፤ ሳቁም እንደገና ተነሳ። ሳቁ ስህንን አሞቃት። በርጩማውን አንስታ ጓሮ ወሰደችው፣ በመጥረቢያ ፈለጠችው፣ ፍልጡንም አምጥታ በሰው ሁሉ ፊት ምድጃው ውስጥ ጨመረችው።

ፋሲካ ያን ቀን እስከ ማታ ቆማ ሠራች። ሲመሽ ሽርጧን ፈታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና "ደህና ይደሩ እትዬ" አለች። በማግስቱ አልመጣችም። ስህንም "ሰነፍ ይሂድ" ብላ ሌላ ቀጠረች፤ ማንንም ግን ከሦስት ወር በላይ ማቆየት አልቻለችም።

ይህ ሁሉ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ተመልሶ መጣባት። "ሌላ የበደልሽው ሰው የለም?" ብለዋት ነበር መምሬ። "የለም" ብላ ነበር፣ ያውም ከልቧ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስህን የታዘዘችውን ሳታጎድል ፈጸመች። ጧት ከአልጋዋ ሳትወርድ ነጠላዋን በእግሯ መዳፍ ዙሪያ አዙራ ሁለቱን ጫፍ ወደ ራሷ ትስባለች፤ ሠላሳ ትቆጥራለች፤ ሦስት ጊዜ ትደግማለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አንዱን እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ተረከዟን ሳታነሳ ባቷን ትለጥጣለች። ዓሣ የምታኖርበት ፍሪዘር ውስጥ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ታቀዘቅዛለች፤ ደንበኛ ሲቀንስ በረዶውን እግሯ ሥር አድርጋ ወዲያና ወዲህ ታንከባልለዋለች። ዝናቡ ከደሴ ሶሉ ወፍራም፣ ተረከዙ ለስላሳ የሆነ ጫማ ገዛላት። "ለወራት ታገሡ፤ ካልተሻለዎት ደሴ እልክዎታለሁ፤ አብሽሩ ብቻ" ብላታለች ሰሚሃ።

ተሻላት። በሁለት ወር ውስጥ የቁም ሳጥኑን ጫፍ መያዝ ቀረ። ግን በዳነች ቁጥር ልቧ ይብስ ያማት ጀመር። ነጠላዋን በሳበች ቁጥር ፋሲካ ትታያታለች። አንዲት ነጠላ! አንድ ጠርሙስ በረዶ! ይህን ለዚያች ሴት መስጠት አቅቷት ነው? "ቁጭ በይ" ማለት ብቻ ነበር የሚፈለገው። ስህን መቀመጫውን ፈለጠችው።

ይህን እያወቀች ሄዳ ይቅርታ አልጠየቀችም። ሰበብ ሞልቷል። ሁዳዴ ነው ሥራ በዛ፤ ትንሣኤ ነው እንግዳ አለ፤ ፋሲካ ደግሞ ያለችው ውጫሌ ነው አሉ፤ ውጫሌ ሩቅ ነው። ውጫሌ እንኳ ሩቅ አይደለም፤ ደጃፏ ላይ የሚቆመው ሚኒባስ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ስህን ፈርታ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። አንድ ቀን መምሬ ታረቀኝ መንገድ ላይ አግኝተዋት "ተረከዝሽስ?" አሏት።

"ተሻለኝ አባቴ፣ ይመስገን።"

"ታዲያ ምነው ፊትሽ?"

ስህን ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም። "አባቴ፣ የለም ያልኩዎት... አለ" አለች።

"እንግዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ? እሱ ጋ ሂጂ።"

"እሷ ናት።"

"እሷ ጋ ሂጂ።"

በማግስቱ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ስህን በረዶ የሆነ ጠርሙስ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ ውጫሌ ወረደች። ፋሲካን ያገኘቻት መንገድ ዳር፣ ማዳበሪያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ደርድራ ተቀምጣ ነው። ከሳ ብላለች። ስህንን ስታይ አልተነሳችም።

"እትዬ ስህን? ሐይቅ ሽንኩርት ጠፋ እንዴ?"

ስህን አጠገቧ ማዳበሪያው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ነበራት፤ ቁጭ ስትል አንድም ቃል አልቀረላትም።

"ተረከዝሽ እንዴት ነው?" አለች በመጨረሻ።

ሽንኩርት እየለየች የነበረችው የፋሲካ እጅ ቆመ። "አለ። የት ይሄዳል።"

"እኔንም ያዘኝ።"

ፋሲካ ቀና ብላ አየቻት፤ ቆየት ብላም አየቻት። "ሰዓት ያውቃል?" አለች።

"ያውቃል" አለች ስህን፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ጧት ነው። ተቀምጬ ስነሳም ነው። አንቺ እንዳልሽው ነው ፋሲካ፤ አንዷም ሳትቀር አንቺ እንዳልሽው። አውፍ በይኝ። ይቅር በይኝ እህቴ።"

አንዲት ሴት መጥታ ቲማቲም ጠየቀች፤ ፋሲካ መዘነችላት፤ ሴትዮዋ ሄደች።

"እትዬ፣ በርጩማውን ምድጃ ሲጨምሩት ቤት ውስጥ ማን ነበር?"

"ማህዲ ነበር... ሾፌሮቹ ነበሩ... ቤቱ ሙሉ ነበር።"

"እዚህስ ማን አለ? እኔና ሽንኩርት ነን።" ድምጿ አልጨመረም። "ያዋረዱኝ ሰው ፊት ነው። አውፍታውንም ሰው ፊት ይጠይቁኝ።"

ስህን ዓሣ ቤቱን አሰበችው፤ የሾፌሮቹን ዓይን አሰበችው፤ ምላሷን የሚፈራ ሰው ሁሉ ምን እንደሚል አሰበች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ አንገቷን ደፍታ አታውቅም።

"እሺ፤ ባሻሽ ቀን ነይ" አለች።

ከዚያ ጋቢውን ፈታ ጠርሙሱን አወጣች። ግማሹ ቀልጧል። እንዴት እግር ሥር እንደሚንከባለል፣ ነጠላው እንዴት እንደሚሳብ፣ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚቆም አሳየቻት። "ጤና ጣቢያም ሂጂ፤ እኔ ያወራሁትን ብቻ ይዘሽ አትቅሪ" አለቻት። ፋሲካ ጠርሙሱን ተቀበለች። ስህን ልትነሳ ስትል ተረከዟ ጠቅ አደረጋትና ተንገዳገደች። ፋሲካ እጇን ልትዘረጋላት ብላ መልሳ ሰበሰበችው። ስህን አየቻት፤ የሚገባኝ ይኸው ነው አለች በልቧ።

የሰኔ ጾም በገባ የመጀመሪያው ረቡዕ፣ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ፋሲካ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም። ስህን ዘይት ውስጥ ዓሣ እየገለበጠች ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነበር። ጭልፋውን አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ምድጃውን አልፋ ወደ ሰዎቹ መሐል ወጣች።

"ስሙኝማ!" አለች። ማህዲ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

"ኸሁለት ዓመት በፊት እዚች ቤት ውስጥ ይቺን ሴት ሰነፍ ብያታለሁ። አመመኝ ስትለኝ አላመንኳትም፤ አሾፍኩባት፤ እናንተም ሳቃችሁ። የምትቀመጥበትን ፈልጬ ዓሣ ጠበስኩበት፤ በላችሁ። ያመማት እውነቷን ነበር። ያው በሽታ እኔን ሲይዘኝ ነው የገባኝ፤ ይሄም ያሳፍረኛል።" ድምጿ ተቆራረጠ። "ፋሲካ፣ በድዬሻለሁ። በነዚህ ሁሉ ፊት አውፍ በይኝ።"

የሚሰማው የዘይቱ መንጫጫት ብቻ ነው። ማህዲ ጉርሻውን መለሰና ብድግ አለ። "ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ" አለ ወደ በሩ እያየ። "እኔንም አውፍ በይኝ እህቴ።"

ፋሲካ ገባች። በጠረጴዛዎቹ መሐል ስታልፍ ትንሽ ታነክሳለች፤ ማንም ግን አልሳቀም። ምድጃው ኋላ ስትደርስ ቆመች። ስህን አናጺ አሠርታ ያስቀመጠቻቸው ሁለት አዳዲስ በርጩማዎች ጎን ለጎን ነበሩ። የድሮ ሽርጧም ታጥቦ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ፋሲካ ሽርጡን አልነካችውም። በርጩማውን በእጇ ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችው፤ ጥንካሬውን አይታ ተቀመጠች።

ስህን አጠገቧ ቆማ ቀረች። እዚያ ምድጃ ኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም፤ ዛሬ ደግሞ መቀመጥ የሚገባት አልመሰላትም። ፋሲካ ቀና ብላ አየቻት።

"እትዬ" አለች፣ ሁለተኛውን በርጩማ ወደሷ እየገፋች። "አንቱም ይቀመጡ እንጂ። ያምዎት የለ?"

ስህን ተቀመጠች። የዚያን ቀን ዓሣው ትንሽ አረረ፤ ቢሆንም ማንም ሳይናገር በላው።